በአዳማ ሰማይ ላይ ኦዞንን ለማጥናት የትኛው የሳተላይት መረጃ ይመረጥ? ብናኝን መሠረት ያደረገ የንጽጽር መመሪያ

ከአዳማ በላይ ያለውን የኦዞን መጠን ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ወይም ባለሙያ መረጃ አያጣም፤ የሚቸገረው በመረጃው መብዛት ነው። ኦሚ፣ ትሮፖሚ፣ ኦምፕስ፣ ጎም-2፣ ኢያሲ እና ኤምኤልኤስ የተባሉት የሳተላይት መሣሪያዎች ሁሉም ስለ አንድ ጋዝ ቁጥር ይሰጣሉ። ከኦሚ ብቻ እንኳ በሁለት የተለያዩ የስሌት ዘዴዎች የተገኙ ሁለት የኦዞን መረጃዎች ይወጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምርጫው የሚደረገው የፒክስሉን (መሣሪያው በአንድ ቁጥር የሚጠቀልለውን የመሬት ክፍል) ስፋት በማየት ወይም አዲሱ ከአሮጌው ይሻላል በሚል ግምት ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለምትገኝና በበጋ ወራት አቧራና ጭስ ለማይለያት ከተማ ግን መመዘኛው ሌላ ሊሆን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስሌቱ በአየር ላይ የተንሳፈፈውን ብናኝ፣ ማለትም ኤሮሶልን፣ እንዴት እንደሚይዘው ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚፈለገው ኦዞን በየትኛው የከባቢ አየር ንብርብር ውስጥ ያለው እንደሆነ መወሰን አለበት። የፒክስል ስፋት የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ብናኝ ልኬቱን የሚያዛባበት መንገድ

የአልትራቫዮሌት መሣሪያዎች ኦዞንን የሚለኩት ከምድርና ከአየር ተመልሶ ወደ ሕዋ የሚወጣውን የፀሐይ ብርሃን በማየት ነው። ኦዞን ከ300 እስከ 340 ናኖሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት ውስጥ ብርሃንን ይመጥጣል፤ ከአጭሩ ሞገድ ብዙ፣ ከረጅሙ ደግሞ ጥቂት ይወስዳል። ስለዚህ ሁለት ተቀራራቢ ሞገዶች ሲነጻጸሩ አጭሩ ምን ያህል እንደጎደለ ይታያል፣ ከጉድለቱም የኦዞኑ መጠን ይሰላል። በመካከላቸው ሌላ የሚመጥጥ ነገር ባይኖር ኖሮ ሥራው በዚህ ያበቃ ነበር።

የበረሃ አቧራና የቃጠሎ ጭስ ግን በዚሁ የብርሃን ክልል ውስጥ ራሳቸውም ይመጥጣሉ። የአየር ሞለኪውሎች ብርሃንን የሚበትኑበት ኃይል ሞገዱ ባጠረ ቁጥር በፍጥነት ስለሚጨምር፣ ከብናኙ ንብርብር በታች ካለው አየር ተበትኖ ወደ ላይ ለመመለስ የሚሞክረው ብርሃን በአጭሩ ሞገድ ላይ ይበዛል። ብናኙ ከላይ ሆኖ ይህን ብርሃን ሲመጥጥ ከአጭሩ ሞገድ ላይ የሚቀንሰው ከረጅሙ ላይ ከሚቀንሰው ይበልጣል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ ለሚያይ መሣሪያ ይህ ጉድለት ኦዞን ከሚያመጣው ጉድለት ጋር በጣም ይመሳሰላል። ብርሃንን የሚበትን እንጂ የማይመጥጥ ብናኝ፣ ለምሳሌ ሰልፌት፣ በሌላ መንገድ ያሳስታል። እንደ ስስ ደመና ብሩህ ስለሆነ ከበላዩ ባለው ኦዞን ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን ያበዛል፣ ከበታቹ ያለውን ኦዞን ደግሞ ከእይታ ይጋርዳል። በመሆኑም ስህተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሆን ይችላል። ወሳኞቹ የብናኙ ዓይነት፣ ብዛቱ፣ የፀሐይዋ አቀማመጥ እና ከሁሉም በላይ ብናኙ ያለበት ከፍታ ናቸው። አንድ ዓይነት የአቧራ መጠን መሬት ላይ ተኝቶ ሲገኝና በ4 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲንሳፈፍ በልኬቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እጅግ የተለያየ ነው።

የስህተቱን ስፋት በተመለከተ የታወቀ መነሻ አለ። ተመራማሪዎቹ ኦማር ቶሬስ እና ፓዋን ባርቲያ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ የበረሃ አቧራ በጠቅላላው የኦዞን መጠን ላይ እስከ 10 በመቶ የሚደርስ ስህተት ሊያስከትል እንደሚችል፣ የቃጠሎ ጭስ የሚያመጣው ስህተት ግን ከዚህ እንደሚያንስ በስሌት አሳይተዋል። በዚያው ጥናት ቀላል የማረሚያ ዘዴ ስህተቱን ወደ 1 በመቶ ገደማ ሊያወርደው እንደሚችልም ተገልጿል። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላው ግኝታቸው ነው፤ በመላው ዓለም የኬክሮስ አማካይ ላይ ችግሩ እምብዛም አይታይም፣ በሞቃታማው ቀጠና በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ግን የታችኛውን ኦዞን ጥናት ክፉኛ እስከማዛባት ይደርሳል። አዳማ በ8.5 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ያለች ከተማ እንደመሆኗ የዓለም አማካይ ስህተት ትንሽ መሆኑ ለእርሷ ማስረጃ አይሆንም።

ጠቅላላ ኦዞን ነው ወይስ የታችኛው?

መረጃ ከመመረጡ በፊት ይህ ጥያቄ መመለስ አለበት። በሞቃታማው ቀጠና ጠቅላላው የኦዞን ዓምድ፣ ማለትም ከመሬት እስከ ከባቢ አየሩ ጫፍ ያለው ኦዞን በሙሉ፣ በአማካይ 260 ዶብሰን አካባቢ ነው። አንድ ዶብሰን ማለት ጋዙ ተሰብስቦ በባሕር ወለል ግፊትና በዜሮ ዲግሪ ሙቀት ቢነጠፍ 0.01 ሚሊ ሜትር ውፍረት የሚኖረው ማለት ስለሆነ፣ ከራሳችን በላይ ያለው ኦዞን በሙሉ ቢነጠፍ ውፍረቱ 2.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚህ ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ በስትራቶስፌር ውስጥ፣ ማለትም ከአቧራውና ከጭሱ በላይ ይገኛል።

አሁን የ2 በመቶ ስህተት አለ እንበል። ከ260 ዶብሰን ላይ ይህ 5.2 ዶብሰን ነው፤ ለጠቅላላ ኦዞን ጥናት ብዙም አያስጨንቅም። ተመራማሪው የሚፈልገው በትሮፖስፌር፣ ማለትም በታችኛው የአየር ንብርብር፣ ውስጥ ያለውን ኦዞን ከሆነና ያንን የሚያገኘው ከጠቅላላው ላይ የስትራቶስፌሩን በመቀነስ ከሆነ ግን፣ ያ 5.2 ዶብሰን ሳይቀንስ እንዳለ ወደ ትንሹ ቁጥር ይሻገራል። የታችኛው ኦዞን 30 ዶብሰን ቢሆን ስህተቱ 17 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ስለ አየር ብክለት የሚጽፍ ተማሪ ከወንጂ በኩል የመጣ የኦዞን ጭማሪ አገኘሁ ብሎ የሚያቀርበው ግራፍ የጭሱ ጥላ ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ንጽጽር ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

የቶምስ ዘዴ፦ ብናኙን በስሙ የሚጠራው

ቶምስ እ.ኤ.አ. በ1978 በኒምበስ-7 ሳተላይት ላይ የወጣ የናሳ መሣሪያ ነው። የስሌት ዘዴው ከመሣሪያው በላይ ዕድሜ አግኝቶ ዛሬ በኦሚ እና በኦምፕስ መረጃዎች ውስጥ ይሠራል። ዘዴው ጥቂት ሞገዶችን ብቻ ይጠቀማል። ኦዞንን በዋናነት ከ317.5 ናኖሜትር ያወጣል፣ የምድሩንና የደመናውን ብሩህነት ከ331 ናኖሜትር ይገምታል። ቀጥሎ ኦዞን እምብዛም ወደማይነካው ወደ 360 ናኖሜትር ዞሮ፣ ግምቱ ትክክል ቢሆን ኖሮ እዚያ መታየት የነበረበትን ብርሃን በትክክል ከታየው ጋር ያነጻጽራል። አየሩ ንጹሕ ከሆነ ወይም ደመና ብቻ ካለ ሁለቱ ይቀራረባሉ። የሚመጥጥ ብናኝ ካለ ልዩነት ይፈጠራል፣ ይህም ልዩነት የብናኝ ጠቋሚ ተብሎ የሚታወቀው ቁጥር ነው። ለአቧራና ለጭስ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ይሆናል፣ ለደመና ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ብርሃንን ብቻ ለሚበትን ብናኝ ደግሞ በትንሹ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

የዘዴው ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። የብናኙን መኖር ከዚያው ፒክስል፣ በዚያው ቅጽበት፣ ከራሱ መረጃ ያገኘዋል፤ የኦዞኑንም ቁጥር በዚያ ልክ ያርመዋል። ማረሚያው ፍጹም አይደለም፣ የብናኙን ከፍታም በቀጥታ አያውቅም። ነገር ግን የኦዞን ስህተቱም ሆነ ጠቋሚው በከፍታና በብዛት አብረው ከፍና ዝቅ ስለሚሉ፣ ከፍታውን ሳያውቁ ማረም ከሚጠበቀው በላይ ይሳካል። በአቧራማ ወራት ስለ ጠቅላላ ኦዞን ለሚጽፍ ሰው በእኔ ግምት ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው።

ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው። ሞገዶቹ ጥቂት ስለሆኑ የመሣሪያው ካሊብሬሽን (የልኬት ማስተካከያ) በአንዱ ሞገድ ላይ ትንሽ ቢያዘነብል ቁጥሩ አብሮ ያዘነብላል። ኦሚ በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የረድፍ ጉድለት የሚባል ችግር ገጥሞታል። ጉድለቱ ከ2009 መጀመሪያ ወዲህ ሰፍቶ ከ60ዎቹ የእይታ ረድፎች ብዙዎቹን ከጥቅም ውጪ ስላደረገ፣ በአንድ ከተማ ላይ የሚገኙ የመረጃ ቀናት ከዚያ በኋላ ቁጥራቸው ቀንሷል። ኦምፕስ ይህ ችግር የለበትም፤ ነገር ግን በሱኦሚ ሳተላይት ላይ ያለው ፒክስሉ በቀጥታ ከሥሩ ላለው ቦታ 50 በ50 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ስፋት አዳማን፣ ወንጂን፣ የቆቃን ሐይቅና ከፍ ያለውን የአርሲ አፋፍ በአንድ ቁጥር ሊጠቀልል ይችላል።

ዶአስ፦ ብናኙን በዘዴ የሚያልፈው

ሁለተኛው መንገድ ዶአስ ይባላል። ይህ ዘዴ ጥቂት ሞገዶችን ከማነጻጸር ይልቅ በጠባብ ክልል ውስጥ ያለውን ስፔክትረም፣ ማለትም ብርሃኑ በየሞገዱ ያለውን መጠን፣ በሙሉ ያነባል፤ የኦሚው የዶአስ መረጃ ለምሳሌ ከ331.1 እስከ 336.1 ናኖሜትር ያለውን ይጠቀማል። ኦዞን በዚያ ክልል ውስጥ የሚተወው ምልክት ወጣ ገባ የሚል ነው። ብናኝ የሚተወው ግን ለስላሳና ቀስ ብሎ የሚለወጥ ነው። ስለሆነም ለስላሳው ክፍል በአንድ ፖሊኖሚያል (ለስላሳ የሒሳብ ኩርባ) ተይዞ ይወገድና የቀረው ወጣ ገባ ለኦዞን ይተዋል።

ይህ ሲነበብ ብናኝ ጨርሶ ችግር የማይሆንበት ዘዴ ይመስላል፤ በዚህ ምክንያት ዶአስን የሚመርጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ነገሩ ግን ግማሽ እውነት ነው። ከስፔክትረሙ የሚወጣው ቁጥር ብርሃኑ በተጓዘበት ዘንበል ያለ መንገድ ላይ ያለው ኦዞን ነው። ይህን ወደ ቀጥታ ዓምድ ለመቀየር ብርሃኑ በየት በየት እንደተጓዘ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ብናኝ ደግሞ መንገዱን ይለውጣል። አብዛኞቹ ስሌቶች ይህን ለውጥ የሚይዙት ብናኙን እንደ ደመና በመቁጠር ነው። በኦሚ ላይ የደመናው ከፍታ የሚገመተው በ477 ናኖሜትር አካባቢ ካለው የኦክስጅን ምልክት ነው። ብርሃን የሚበትን ብናኝ በዚህ አያያዝ ሳይታሰብ በከፊል ይታረማል፣ ምክንያቱም ከስስ ደመና ጋር ይመሳሰላል። ጥቁር ጭስና አቧራ ግን ደመናን አይመስሉም፤ ብርሃኑን ስለሚውጡ የደመናው ስፋትም ከፍታም የተዛባ ሆኖ ይወጣል፣ መዛባቱም ወደ ኦዞኑ ይሻገራል።

ጎም-2፣ ቀዳሚው ጎም እና የትሮፖሚ ፈጣኑ መረጃ በዚህ መንገድ ይሠራሉ። በንጹሕ ቀን የዶአስና የቶምስ ቁጥሮች በጥቂት በመቶ ውስጥ ይስማማሉ። አንድ ጠቃሚ ሥራ እነሆ፦ ለአዳማ ሁለቱንም የኦሚ መረጃዎች በአንድ ዓመት ጊዜ አውርዶ ልዩነታቸውን ከብናኝ ጠቋሚው ጋር በአንድ ግራፍ ማስቀመጥ። መሣሪያው አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ ፒክስሉ አንድ ስለሆነ የቀረው ልዩነት የስሌቱ ነው። ልዩነቱ ከጠቋሚው ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ብናኝ በሁለቱ ስሌቶች ውስጥ በተለያየ መንገድ እየገባ መሆኑ ይታያል፤ ይህን ለማየት ምንም ተጨማሪ መሣሪያ አያስፈልግም።

ሙሉውን ብርሃን የሚያሰላው ዘዴ

ትሮፖሚ በሴንቲኔል-5ፒ ሳተላይት ላይ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ወጣ። ዘግይቶ የሚወጣው ዋናው የጠቅላላ ኦዞን መረጃው ከ325 እስከ 335 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን በሙሉ በሞዴል አስልቶ፣ ስሌቱ ከታየው ጋር እስኪገጥም ድረስ የኦዞኑን መጠንና የምድሩን ብሩህነት አብሮ ያስተካክላል። ብናኙ ለብቻው አይሰላም፤ ውጤታማ ብሩህነት በሚባለው ውስጥ ይዋጣል። ይህ አያያዝ ብናኙን በግድ ደመና አድርጎ ከማሰብ የተሻለ ነው፤ ብሩህነቱ ከሞገድ ሞገድ በትንሹ እንዲለወጥ ስለሚፈቀድለት የብናኙ ለስላሳ ምልክት ማረፊያ ያገኛል። ከፍተኛ ጠቀሜታው ግን ከፒክስሉ ጋር ተዳምሮ ነው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2019 ጀምሮ የትሮፖሚ ፒክስል 3.5 በ5.5 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 19 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኦሚው 13 በ24 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 312 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ የኦሚ ፒክስል ውስጥ 16 የትሮፖሚ ፒክስሎች ይገባሉ፤ ከነዚህ ውስጥ ጭስ የሸፈናቸውን ትቶ ያልሸፈናቸውን ማንበብ የሚቻልበት ቀን ብዙ ነው። ለእኔ የትንሽ ፒክስል ዋና ጥቅሙ ብናኙን ለይቶ መተው ማስቻሉ ነው እንጂ ከተማይቱን ሰፈር በሰፈር ማሳየቱ አይደለም። 90 በመቶው ኦዞን በስትራቶስፌር ውስጥ ሆኖ በጠቅላላ ኦዞን ካርታ ላይ ቦኩን ከዳቤ ሶሎቄ ለይቶ ለማየት መሞከር ትርጉም የለውም።

የትሮፖሚን ፋይል የሚከፍት ሰው ከእያንዳንዱ ፒክስል ጎን ከ0 እስከ 1 የሚደርስ የጥራት ቁጥር ያገኛል። ለጠቅላላ ኦዞን የሚመከረው ከ0.5 በላይ ያለውን መውሰድ ነው። ይህ ቁጥር ግን ብናኝን ለማጣራት ታስቦ የተሠራ አይደለም፤ ጥራቱ ጥሩ የተባለ ፒክስል በአቧራ የተሸፈነ ሊሆን ይችላል። የብናኝ ጠቋሚው በሌላ ፋይል ስለሚወጣ ሁለቱን በፒክስል ቁጥር ማገናኘት የተጠቃሚው ሥራ ነው።

ከአልትራቫዮሌት ውጪ

ኢያሲ በሜትኦፕ ሳተላይቶች ላይ ሆኖ ምድር የምትለቀውን ሙቀት ያያል፤ ኦዞንን የሚለየው በ9.6 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ፀሐይ ስለማያስፈልገው በማታም ይሠራል። የጭስ ቅንጣቶች ከዚህ ሞገድ ጋር ሲነጻጸሩ በጣም ደቃቅ በመሆናቸው እምብዛም አይነኩትም። የበረሃ አቧራ ግን ሌላ ነው። ቅንጣቱ ትላልቅ ነው፣ በውስጡ ያለው ሲሊኬት ደግሞ ከ9 እስከ 10 ማይክሮሜትር አካባቢ በኃይል ይመጥጣል፤ ይህም ከኦዞን ምልክት ጋር በቀጥታ ይደራረባል። ስለዚህ ለምዕራብ ኢትዮጵያ የሣር ቃጠሎ ወቅት ኢያሲ ጥሩ አማራጭ ሲሆን፣ ከሰሐራ፣ ከዓረብ ባሕረ ሰላጤ ምድር ወይም ከአፋር አቧራ በሚመጣበት ሳምንት ግን ከአልትራቫዮሌቱ የተሻለ መሸሸጊያ አይሆንም።

ኤምኤልኤስ በኦራ ሳተላይት ላይ ሆኖ የከባቢ አየሩን ጠርዝ በማይክሮዌቭ ያያል። ሞገዱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ስለሆነ ለአቧራም፣ ለጭስም፣ ለእሳተ ገሞራ ሰልፌትም ደንታ የለውም። የሚያየው ግን ከላይኛው ትሮፖስፌር ወደ ላይ ብቻ ነው። የታችኛውን ኦዞን በመቀነስ ለሚያሰላ ሰው የስትራቶስፌሩን ክፍል ከዚህ መውሰድ ተገቢ ነው፤ ቢያንስ ከሁለቱ ተቀናናሾች አንዱ ከብናኝ ነጻ ይሆናል።

የብናኝ ጠቋሚው በአዳማ ላይ የሚያታልልበት ቦታ

ብዙ ጽሑፎች ጠቋሚው ከ1 በላይ የሆነባቸውን ቀናት ጥለው የቀረውን ንጹሕ ብለው ይወስዳሉ። ይህ አሠራር ለአዳማ አያስተማምንም። ጠቋሚው የሚሠራው ከብናኙ በታች ያለው አየር በሚበትነው ብርሃን ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ብናኙ መሬት ላይ ከተኛ በታቹ የሚበትን አየር አይኖርምና ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይጠጋል። በየካቲት ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ በየመንገዱ የሚቦነው አቧራ፣ ወይም በወንጂ የሸንኮራ አገዳው ከመቆረጡ በፊት ሲቃጠል ዝቅ ብሎ የሚተኛው ጭስ ለዓይን የሚከብድ ሆኖ ሳለ በጠቋሚው ላይ ላይታይ ይችላል። በአንጻሩ ከሩቅ መጥቶ በ4 ኪሎ ሜትር ላይ የሚያልፍ ስስ አቧራ፣ መሬት ላይ ላለ ሰው ሰማዩን ትንሽ ከማንጣት ያለፈ ምልክት ሳይሰጥ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

ደግነቱ ዝቅ ያለው ብናኝ ጠቋሚውን የማያነሳበት ምክንያት የጠቅላላ ኦዞኑን ልኬትም ብዙ እንዳያዛባ ያደርገዋል። ለጠቅላላ ኦዞን ስለዚህ ጠቋሚው በቂ ጠባቂ ነው። መሬት አጠገብ ላለው ኦዞን ግን አይደለም። ለዚያ ሞዲስ የተባለውን የሳተላይት መሣሪያ የብናኝ ጥልቀት (በአየሩ ውስጥ ያለው ብናኝ ብዛት) መረጃ መጨመር፣ ከተገኘም የከፍታ መረጃ መፈለግ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2023 በካሊፕሶ ሳተላይት ላይ የነበረው ሌዘር የብናኙን ከፍታ በቀጥታ ለክቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ኧርዝኬርም ይህን ሥራ ይሠራል። ሁለቱም የሚያዩት ከሥራቸው ያለውን ቀጭን መስመር ብቻ ስለሆነ አዳማን በየቀኑ አያገኟትም።

የሰዓቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ኢያሲንና ጎም-2ን የተሸከመው ሜትኦፕ የሚያልፈው በፀሐይ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሴንቲኔል-5ፒ ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የአገራችን ሰዓት ከአዳማ ፀሐይ 23 ደቂቃ ያህል ስለሚቀድም በእጅ ሰዓት ለ4 እና ለ8 ሰዓት ጥቂት ጉዳይ ሲሆን ማለት ነው። በጠዋቱ አቧራው ገና መሬት አጠገብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ምድሩ ግሎ አየሩ ሲናጥ ወደ ላይ ይነሳል። የጠዋቱን ጎም-2 ከከሰዓቱ ትሮፖሚ ጋር አወዳድሮ የመሣሪያዎቹን ልዩነት አገኘሁ የሚል ሰው፣ ከዚያ ውስጥ የአቧራው ከፍታ ለውጥ ምን ያህሉን እንደያዘ መጠየቅ አለበት።

መጣል ወይስ ማረም

ብናኝ ያለባቸውን ቀናት መጣል ቀላልና ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ቀናቱ በዓመቱ ውስጥ እኩል አልተበተኑም፤ በበጋው መጨረሻ ይከማቻሉ። በክረምት ደግሞ ደመናው ሌሎች ቀናትን ይወስዳል። ሁለቱም ሲጣሉ የሚቀረው አማካይ የዓመቱ አማካይ መሆኑ ይቀርና የጥቂት ጥርት ያሉ ሳምንታት አማካይ ይሆናል። ለጠቅላላ ኦዞን የታረመውን የቶምስ ዘዴ መረጃ ይዞ አቧራማ ቀናትን ሳይጥሉ መጠቀም፣ ከመጣሉ በተሻለ ሁኔታ የወቅቱን ቅርጽ ይጠብቃል። ለታችኛው ኦዞን ግን በከባድ ብናኝ ቀን የታረመ ቁጥር እንኳ እምነት የሚጣልበት ስላልሆነ መጣሉን እመርጣለሁ፤ ስንት ቀን በየትኛው ወር እንደተጣለ ግን በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ መቀመጥ ይኖርበታል።

እሳተ ገሞራ

ይህ ለብቻው መታየት ያለበት ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ከአመዱና ከሰልፌቱ በተጨማሪ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ራሱ ከኦዞን ጋር በአንድ ክልል ውስጥ ብርሃን ይመጥጣል። እ.ኤ.አ. በ1982 በሜክሲኮ ኤል ቺቾን ሲፈነዳ ቶምስ ያልተጠበቀ ከፍተኛ ኦዞን ያሳየው በዚህ ምክንያት ነበር፤ የእሳተ ገሞራ ጋዝን ከሕዋ የመለካት ሥራም የጀመረው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1991 በፊሊፒንስ ፒናቱቦ ከፈነዳ በኋላ ደግሞ በስትራቶስፌር የተከማቸው ሰልፌት የበርካታ መሣሪያዎችን የኦዞን ልኬት ለረዥም ጊዜ አዛብቷል። ለእኛ ቅርብ የሆነው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 በኤርትራ የናብሮ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ነው፤ ጋዙ እስከ ስትራቶስፌር ደርሶ ነበር። በዚያን ዓመት ሰኔና ሐምሌ ላይ የአዳማን ወይም የማንኛውንም የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ የኦዞን መረጃ የሚጠቀም ሰው የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጥርጣሬን የሚያሳየውን የጥራት ምልክት ሳያይ ማለፍ የለበትም። የረዥም ዘመን አዝማሚያ የሚያሰላ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 ያሉትን ዓመታት ለይቶ ማየት ይኖርበታል።

ለየትኛው ሥራ የትኛው

የብዙ ዓመታት አዝማሚያ ከተፈለገ አንድ መሣሪያ አይበቃም። የቶምስ መረጃ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1994 መጨረሻ እስከ 1996 አጋማሽ ክፍተት አለበት፤ መሣሪያዎችን በራስ እጅ ከመቀጠል ይልቅ በባለሙያዎች የተቀናጀ የብዙ መሣሪያ ስብስብ መውሰድ ይሻላል። በዚህ ሥራ ላይ ለአዳማ ብቻ ተብሎ ብናኝን መልሶ ማረም አያስፈልግም፤ የማረሚያው ስህተት ከአዝማሚያው ሊበልጥ ይችላል።

የአንድ ዓመት ወይም የወቅቶች ጥናት ከሆነና የሚፈለገው ጠቅላላ ኦዞን ከሆነ፣ የትሮፖሚ ዋናው መረጃ ቀዳሚ ምርጫዬ ነው፤ ኦምፕስ ደግሞ የቶምስን ዘዴ ስለሚጠቀም እንደ ማመሳከሪያ፣ በአቧራማ ወራት ግን እንደ ቀዳሚ ይያዛል። ሁለቱ በአንድ ሰዓት አካባቢ ስለሚያልፉና ብናኙን በተለያየ መንገድ ስለሚይዙ፣ የሚለያዩበት ቀን የትኛው እንደሆነ ማየት በራሱ ስለ ብናኙ ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2008 ላለው ጊዜ የኦሚው የቶምስ መረጃ አሁንም ጥሩ ነው።

የታችኛው ኦዞን ከተፈለገ ኤምኤልኤስን ከኦሚ የሚቀንሰው መረጃና ትሮፖሚ ከ20 ዲግሪ ደቡብ እስከ 20 ዲግሪ ሰሜን ላለው ቀጠና የሚያወጣው መረጃ ይወዳደራሉ። የትሮፖሚው ዘዴ የስትራቶስፌሩን መጠን የሚያገኘው ወደ ላይ በጣም ከፍ ካሉ ደመናዎች በላይ ካለው ኦዞን ነው፤ አንድ መሣሪያ ብቻ ስለሚጠቀም የሁለት መሣሪያዎች ካሊብሬሽን አለመግባባት አይገባበትም። ሁለቱም ግን ከጠቅላላው ዓምድ ስለሚነሱ የብናኙን ስህተት አብረው ይዘው ይመጣሉ። ከጥር እስከ መጋቢት ያለውን ወቅት ለብቻ አውጥቶ ማቅረብ፣ ጠቋሚው ከፍ ባለባቸው ቀናትና ባላለባቸው ቀናት መካከል ያለውን ልዩነትም በዶብሰን መጻፍ ለእነዚህ መረጃዎች ግዴታ ነው ባይ ነኝ።

ማረጋገጫ የሚሆን ከብናኝ ጥላ ነጻ የሆነ ልኬት የሚፈልግ ሰው በናይሮቢ በባሉን የሚለቀቀውን የኦዞን መለኪያ መረጃ በነጻ ማግኘት ይችላል። ጣቢያው በደቡባዊው የሞቃታማ ቀጠና የኦዞን መረብ ውስጥ ያለ ሲሆን፣ መለኪያው አየሩን በቀጥታ ስቦ በኬሚካል ስለሚመረምር ብርሃን የሚጋርድ ብናኝ አያሳስተውም። ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተደቡብ እንደመሆኗ በየቀኑ ከአዳማ ጋር ማዛመድ አይቻልም፤ የወር አማካዮችንና የታችኛውን ዓምድ መጠን ለማመሳከር ግን ትጠቅማለች። በዘገባው ውስጥ ከመሣሪያው ስም ጎን የስሌቱ ዘዴና የስሪት ቁጥሩ፣ የተወሰደው የጠቋሚ ገደብ፣ እንዲሁም ከአዳማ በስንት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያሉ ፒክስሎች እንደተወሰዱ ይጻፍ፤ ያለ እነዚህ አራት ነገሮች ሌላ ሰው ቁጥሩን መልሶ ሊያገኘው አይችልም።